የሚዋሽ መለኪያ ከሞተ መለኪያ ይከፋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ዕድሜዬን በፋብሪካ ኢንስትሩመንት (የመለኪያ መሣሪያዎች) ክፍል የጨረስኩ፣ አሁን አዳማ ተቀምጬ ጋዜጣ የማነብ ጡረተኛ ነኝ። ስለ ፋብሪካዎቻችን ስትጽፉ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱን፣ የመብራት መቆራረጡን፣ የጥሬ ዕቃውን ነገር ደጋግማችሁ ታነሳላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ሁሉም አለ። አደጋ ሲደርስ ግን «በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት» የምትል አንድ መስመር ትጽፉና ታልፋላችሁ። ቅሬታዬ እዚያች መስመር ላይ ነው። ከብልሽቱ በፊት በዚያ ፋብሪካ ውስጥ አንድ መለኪያ አንድ ቁጥር ያሳይ ነበር። ሠራተኛውም ያንን ቁጥር አምኖ ቫልቭ ከፍቷል ወይም ሳይከፍት ቀርቷል። ቁጥሩ እውነት ነበር ወይ? ይህን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ እስካሁን አላየሁም። የሚጠይቅ ሥራ አስኪያጅም ብዙ አላጋጠመኝም።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ስኳርም ይሁን ሲሚንቶ፣ ቢራም ይሁን ዘይት፣ ሥራው የሚሠራው ተዘግቶ ነው። ቦይለሩ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ፣ ቧንቧው ምን ያህል ግፊት እንደያዘ፣ ወተቱ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ በዓይን አይታይም። ኦፕሬተሩ የሚያየው ስክሪን ላይ የተቀመጠውን ቁጥር ነው። ያ ቁጥር የሚመጣው ከሴንሰርና ሴንሰሩ ያነበበውን በሽቦ ወደ ኮንትሮል ሩም ከሚልክ፣ ትራንስሚተር ከሚባል በአንድ እጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። አንድ ደህና ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ።

ጨርሶ የሞተ መለኪያ ብዙም አያሳስበኝም። ስክሪኑ ይቀላል፣ አላርም ይጮኻል፣ ኦፕሬተሩ ይደውላል፣ ሄደን እንቀይረዋለን። የሚያሳስበኝ በሕይወት ያለው፣ ቁጥሩን በየሰከንዱ የሚልከው፣ ግን የሚዋሸው ነው። ዘበኛ የሌለው ሰው ሌሊት ተነስቶ በሩን ያያል፤ ዘበኛ ቀጥሮ ዘበኛው የተኛበት ግን እሱም ተማምኖ ይተኛል።

ፋብሪካዎቻችን ለዚህ ያላቸው መልስ አንድ ነው፤ በዓመት አንዴ ካሊብሬሽን። ባለሙያ ይመጣል፣ ከማመሳከሪያ መሣሪያ ጋር ያስተያያል፣ ያስተካክላል፣ ቀን የተጻፈባት ትንሽ ተለጣፊ ለጥፎ ይሄዳል። ኦዲተር ሲመጣ ተለጣፊዋን ያያል፤ ቀኗ ካላለፈ ፎርሙ ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ሚቀጥለው ይሻገራል። ካሊብሬሽንን አልቃወምም፣ እንጀራዬን የበላሁት በእሱ ነው። ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ያቋቋምነውም አለምክንያት አይደለም። ነገር ግን ተለጣፊዋ የምትመሰክረው መለኪያው በዚያች ቀን ደህና እንደነበር ብቻ ነው። ስለ ቀሪዎቹ 364 ቀናት የምትለው የለም። ስለዚያች ቀን ራሷም ልትሳሳት ትችላለች።

አዲስ አበባ አካባቢ ያለ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ወተት ማቀነባበሪያ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ላማክራቸው ጠርተውኝ ነበር። ፓስቸራይዝ የተደረገ፣ ማለትም ጀርሞቹ እንዲሞቱ የሞቀ ወተት ላይ የሚሠራ ፎስፋቴዝ የሚባል የላቦራቶሪ ምርመራ አለ። ፎስፋቴዝ ጥሬ ወተት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ ወተቱ በሚገባ ከሞቀ ይጠፋል፣ ካልሞቀ ይገኛል። እነሱ ጋ ይገኝ ነበር። ስክሪኑ ደግሞ 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ይላል፣ መጽሐፉ እንደሚያዘው። የሁለቱ አለመስማማት ሲታይ የተፈረደው በላቦራቶሪዋ ልጅ ላይ ነው። መመርመሪያ ኬሚካሏ ተበላሽቷል ተብላ ሌላ እንድታዝ ተደርጋለች። ሌላውም መጥቶ ያንኑ አለ።

ቴርሞሜትሩን አስነቀልኩና በረዶ አስመጣሁ። በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ በመዶሻ አደቀቅኩት፣ ትንሽ ውሃ ጨምሬ ቴርሞስ ውስጥ አደረግኩት፣ ቴርሞሜትሩን ከተትኩበት። እየቀለጠ ያለ በረዶ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ደብረ ብርሃንም ይሁን አሳይታ ለውጥ የለውም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀን ስክሪኑን ስናይ ከ7 ዲግሪ በላይ ይላል። ወደ ቴክኒሻኑ ዞሬ መጨረሻ ካሊብሬት ያደረገው በምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«በፈላ ውሃ ነው ጋሼ» አለኝ።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፣ ውሃውም ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነበር፤ የፈላውን ውሃ እውነተኛ ሙቀት ተናግሯል። ልጁ ግን መቶ ስላልሞላለት የጎደለውን 7 ዲግሪ ተኩል ጨመረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪኑ 72 ሲል ወተቱ 65 እንኳ አልደረሰም። ተለጣፊዋ አዲስ ናት፣ ቀንም ፊርማም አላት።

ልጁን ማንም እንዲወቅስብኝ አልፈልግም። ማመሳከሪያ ቴርሞሜትር ጠይቆ «በጀት የለም» የተባለበትን ደብዳቤ አሳይቶኛል። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ያ ስህተት በተሠራበት ቀን ሊያዝ ይችል ነበር። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠውን መዝገብ ስናወጣ ወተቱን የሚያሞቀው የእንፋሎት ቫልቭ አከፋፈት ከዚያች ቀን ጀምሮ ቁልቁል ወርዷል፤ የወተቱ መጠንም፣ የእንፋሎቱ ግፊትም፣ የስክሪኑ 72ም አልተለወጡም። በተመሳሳይ እንፋሎት የሚሞቅ ያንኑ ያህል ወተት በድንገት ያለምክንያት ትንሽ እሳት አይበቃውም። መረጃው ሳምንታት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ያየው ሰው ግን አልነበረም፣ ምክንያቱም መለኪያን በየዕለቱ መከታተል የማንም የሥራ ድርሻ አይደለም።

ወጣት ሳለሁ የሠራሁበት የስኳር ፋብሪካ ያየሁት ከዚህም ይብሳል። የቦይለር ድራም (ውሃውንና እንፋሎቱን የሚይዘው በርሜል) ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በግፊት ልዩነት ነው። ከድራሙ ጎን ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ትራንስሚተሩ ይወርዳሉ። አንደኛው ማመሳከሪያ ነው፤ እስከ ላይ ድረስ ሁልጊዜ ውሃ መሞላት አለበት። ሁለተኛው ድራሙ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ይገናኛል። ትራንስሚተሩ የሁለቱን ልዩነት ያነባል፤ ልዩነቱ ከሰፋ ውሃው ወርዷል፣ ከጠበበ ውሃው ወጥቷል ማለት ነው። እንግዲህ ማመሳከሪያው ቧንቧ ውሃ ቢያንጠባጥብ ምን ይሆናል? ልዩነቱ ይጠብባል። ስክሪኑ ውሃው እየጨመረ ነው ይላል። አውቶማቲኩም አምኖት የመጋቢውን ውሃ ቫልቭ ይዘጋል። ድራሙ እየጎደለ ሲሄድ ስክሪኑ «ሞልቷል» ይላል፤ ከሥር ባጋስ፣ ማለትም የተጨመቀው የአገዳ ገለባ፣ ይነዳል።

ክረምት ጥገና አልቆ ፋብሪካው አገዳ መፍጨት እንደጀመረ ሰሞን ይኸው ደረሰ። የማመሳከሪያው ቧንቧ ማፍሰሻ ቫልቭ በደንብ ስላልተዘጋ ጠብ ጠብ ይል ኖሯል። እኛ ኢንስትሩመንቶች አላወቅንም። ያወቁት ሁላችንም አባባ የምንላቸው የቦይለር ሰው ናቸው። አባባ ስክሪን አያምኑም ነበር። በየሰዓቱ የብረቱን መሰላል ወጥተው ድራሙ ላይ ያለውን የውሃ መስታወት በባትሪ ያያሉ። የዚያን ሌሊት ወርደው ኮንትሮል ሩም ገቡና ከስክሪኑ ፊት የተቀመጠውን ልጅ፦

«ልጄ፣ አንተ ጋ ስንት ይላል?» አሉት።

«62 ፐርሰንት ነው አባባ።»

«እኔ ጋ ከመስታወቱ በታች ሊወርድ ነው» አሉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

የባጋስ መጋቢው ቆመ፣ እሳቱ በረደ፣ ቦይለሩ ተረፈ። ጠዋት ግን ሌላ ጥያቄ ተነሳ። ውሃ ከመጠን በታች ሲወርድ እሳቱን በራሱ የሚያቋርጥ ለብቻው የቆመ መቁረጫ ነበር፤ እሱ ለምን ዝም አለ? ፓኔሉን ስንከፍት ሁለት ተርሚናሎች መካከል አንዲት ጃምፐር፣ ማለትም መቁረጫው እንዳይሠራ አልፋው የምታገናኝ አጭር ሽቦ፣ አገኘን። ጫፏ ላይ የተጠቀለለው ነጭ ፕላስተር ቡናማ ሆኗል፣ አቧራው ጠጥሯል። አንድ ቀን መቁረጫው በከንቱ እያቋረጠ አላሠራ ሲል የሆነ ሰው «ለጊዜው ጃምፐር አድርገው፣ ነገ ይታያል» ብሏል። ማን እንዳለ፣ የትኛው ነገ እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

አባባ ጡረታ ወጡ። በምትካቸው መሰላሉን የሚወጣ ሰው አልተመደበም፤ አውቶማቲክ ገብቷል ተባለ። ይሁን፣ ሰው ሁልጊዜ መሰላል ይውጣ አልልም። ነገር ግን አባባ ያደርጉት የነበረውን ማሽኑ ያድርገው። ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃና የሚወጣው እንፋሎት ሁለቱም በቶን ይለካሉ። ለሰዓታት የወጣው እንፋሎት ከገባው ውሃ እየበለጠ የውሃው ከፍታ ሊጨምር አይችልም። ሁለቱን አነጻጽሮ «አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» ማለት ለኮንትሮል ሲስተሙ ጥቂት መስመር ፕሮግራም ነው። የሚጽፍለት አላገኘም።

ይህ የእኛ የድህነት ጣጣ ነው የሚል ካለ ወደ አሜሪካ ልውሰደው። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 ቴክሳስ ሲቲ በሚገኘው የቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ ለጥገና ቆሞ የነበረ አንድ ክፍል እንደገና ሥራ ሊጀምር ይነሳ ነበር። 52 ሜትር የሚረዝም ማማ ውስጥ ፈሳሽ ይሞላል። የፈሳሹን ከፍታ የሚለካው መሣሪያ የሚያየው የማማውን ታችኛ ጥግ ብቻ ነው፤ ከሥር 2.7 ሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ ያለውን አያውቅም። ለሦስት ሰዓት ያህል ሲገባ እንጂ ሲወጣ የለም። ፈሳሹ ወደ 48 ሜትር ሲደርስ ስክሪኑ ከመለኪያው ክልል 78 ፐርሰንት አካባቢ ነው ያለው ይላል፣ ያውም ቀስ እያለ እየወረደ። የወረደበት ምክንያት አለው። መለኪያው የሚሠራው በፈሳሹ ውስጥ በተዘፈቀ ዕቃ ሲሆን፣ ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚቀል ዕቃውን የማንሳት ጉልበቱ ይቀንሳል፣ መለኪያውም ፈሳሹ ጎደለ ብሎ ይተረጉመዋል። ለካሊብሬሽን የተጠቀሙበት የክብደት ቁጥርም የዚያ ፈሳሽ አልነበረም፤ ከአሮጌ ወረቀት የተወሰደ ነበር። ሁለተኛው የከፍታ አላርም አልጮኸም። በዓይን የሚታየው መስታወት ከመቆሸሹ የተነሳ ምንም አያሳይም። ፈሳሹ በላይ በኩል ገንፍሎ ወጣ፣ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና አቀጣጠለው፣ 15 ሰው ሞተ፣ ወደ 180 ሰው ቆሰለ።

የምርመራው ሪፖርት ውስጥ እኔን የነካኝ ሌላ ነጥብ ነው። ክፍሉ ከመነሳቱ በፊት መለኪያዎቹና አላርሞቹ ሁሉ መፈተሽ ነበረባቸው። ቴክኒሻኖቹ ጀምረውታል፣ ግን ጊዜ የለም ተብለው አልጨረሱትም። መነሻ ፎርሙ ላይ ግን ተፈትሿል ተብሎ ተፈርሟል። ይህን ሳነብ የራሴን አለቆች ድምፅ ሰማሁ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 11 እንግሊዝ አገር ባንስፊልድ በተባለ የነዳጅ ዴፖ ደግሞ ታንከር ቁጥር 912 ቤንዚን ይቀበል ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የታንከሩ መለኪያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቤንዚኑ መግባቱን ቀጥሏል፣ ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም። ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ከማለዳው 12 ሰዓት አካባቢ ፈነዳ። እሁድ ስለነበረ ማንም አልሞተም፣ 43 ሰው ተጎዳ። ለብቻው የቆመ የከፍታ መቁረጫ ነበረ፤ የሙከራ እጀታውን በቦታው የምትይዘው ቁልፍ ስላልገባች አልሠራም፤ የቁልፏን ጥቅም ያወቀ ሰው አልነበረም። ያ መለኪያ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ እስከዚያች ቀን 14 ጊዜ ተቸክሎ ነበር። አንዳንዴ ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው ከፍ አድርገው ዝቅ በማድረግ ያላቅቁታል፣ ሁልጊዜም መዝገብ ላይ አያሰፍሩትም። አስራ አራት ጊዜ ታሞ ሐኪም ያላየው መሣሪያ ማለት ነው።

ከዚህ ተነስቼ ለወጣት ቴክኒሻኖች ሁልጊዜ የምላቸውን እዚህም ልድገመው፤ ከሚወራጭ መለኪያ ይልቅ ፀጥ ያለውን ጠርጥሩ። የሚፈላ ውሃ፣ የሚፈስ ጭማቂ፣ የሚነፍስ አየር ፀጥ አይልም። በእውነት የሚለካ መለኪያ የመጨረሻው አኃዝ ሁልጊዜ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ወደ ትራንስሚተሩ የሚወስደው ቀጭን ቧንቧ በስኳር ቅርፊት ወይም በሲሚንቶ ዱቄት ሲደፈን ቁጥሩ ወዲያው አይጠፋም፤ ባለበት ይቀመጣል፣ መንቀጥቀጡ ግን ይሞታል። ኦፕሬተሩ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል፣ «ዛሬ እንዴት ተረጋጋ!» ይላል። ይህን መንቀጥቀጥ መለካት ከባድ ሂሳብ አይደለም። ያለፈውን ሰዓት ቁጥሮች ወስዶ ምን ያህል እንደሚበታተኑ ማየት ነው፤ ኤክሴል የሚያውቅ ልጅ ይሠራዋል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ደግሞ ዕቃዎቹ ራሳቸው መናገር የሚችሉ መሆናቸው ነው። ትራንስሚተር መልእክቱን የሚልከው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፕ በሆነ ኤሌክትሪክ ነው። ዜሮን ለምን በ4 እንደሚልክ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ሽቦው ቢበጠስ የሚመጣው ዜሮ ሚሊአምፕ ስለሆነ «ምንም የለም» እና «እኔ የለሁም» የሚሉት ሁለት መልእክቶች እንዳይምታቱ ነው። ናሙር የተባለው የጀርመን የመለኪያ መሣሪያ ተጠቃሚዎች ማኅበር ይህን ገፋ አድርጎ፣ መሣሪያው ውስጡ መበላሸቱን ካወቀ ምልክቱን ከ3.6 በታች ወይም ከ21 በላይ እንዲያደርገው መክሯል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ሃርት የሚባል አሠራር አለ። በዚያው ሁለት ሽቦ ላይ ተደርቦ መሣሪያው ስለራሱ ይናገራል፤ ውስጤ ሞቋል፣ ከክልሌ ወጥቻለሁ፣ ጥገና እፈልጋለሁ ይላል። ዛሬ የሚገዛ ትራንስሚተር አብዛኛው ይህን ይዞ ነው የሚመጣው። ዋጋው ውስጥ ከፍለንበታል።

ሰሚ ግን የለውም። ምክንያቱ ጨረታው ነው። ትራንስሚተሩ ጥሩው ይገዛል፤ ኮንትሮል ሩም ውስጥ የሚቀበለው ካርድ ግን የሃርትን ቃል የማያነብ፣ ቁጥሯን ብቻ የሚወስድ ርካሹ ይሆናል። የምርመራ ሶፍትዌሩ «አማራጭ» ተብሎ ይሰረዛል። ሥልጠናው ወደ ሁለት ቀን ይወርድና ሠልጥኖ የሚመጣው የግዥ ሠራተኛው ነው። አንድ ፋብሪካ ስቶር ውስጥ ሃርት የሚያነብ የእጅ መሣሪያ ከነካርቶኑ፣ ባትሪው አብጦ አይቻለሁ። በገንዘብ ክፍሉ መዝገብ ውድ ዕቃ ስለሆነ ለቴክኒሻን አይሰጥም ተብሎ ነው።

አሁን አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይዘን መጣን፣ ብልሽትን ቀድመን እንተነብያለን የሚሉ ሻጮች በዝተዋል። አልጠላሁም። ግን ማመሳከሪያ ቴርሞሜትር ያልተገዛለት ፋብሪካ ይህን ሊገዛ ሲሰናዳ ሳይ እገረማለሁ። 7 ዲግሪ ተኩል ከሚዋሽ ቴርሞሜትር የተማረ ኮምፒዩተር የሚተነብየው ምኑን ይሆን?

ፋብሪካ ባይሆንም የራሳችንን ሐዘን ማንሳት ግድ ይለኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። አውሮፕላኑ አየሩን የሚቀዝፍበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መለኪያዎች ነበሩ፤ የግራው ወደ 75 ዲግሪ ሲል የቀኙ ወደ 15 ይል ነበር። እንዲህ ሲለያዩ አንዱ እንደሚዋሽ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው ሥርዓት ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቷል። ፓይለቶቻችን ከዚያ ጋር ታገሉ። ሁለት መለኪያ ገጥሞ አንዱን ብቻ መስማት አውሮፕላኑን የሠራው፣ አሜሪካ ሲያትል አካባቢ ያለው የቦይንግ ፋብሪካም የሚሠራው ስህተት ከሆነ፣ የእኛ ፋብሪካዎች እያንዳንዱን ወሳኝ መለኪያ ምን ጋር እንደሚያመሳክሩ ቢጠየቁ ነውር አይደለም።

የምጠይቀው ብዙ ዶላር የሚፈልግ ነገር አይደለም። ጃምፐር የሚገባበት መዝገብ ይኑር፤ ማን አስገባው፣ በማን ፈቃድ፣ እስከ ስንት ቀን፣ ቀኑ ሲያልፍ ማን ያወጣዋል የሚል። መዝገቡንም ሥራ አስኪያጁ በየሳምንቱ ይፈርምበት። ስሙ ሲሰፍርበት «ነገ ይታያል» ማለት ይከብደዋል።

ኦዲተሮች ተለጣፊ ማየት ትተው መለኪያው ከመስተካከሉ በፊት ስንት ይል እንደነበር ይጠይቁ። እኛ አገር የካሊብሬሽን ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከተስተካከለ በኋላ ያለው ነው፤ እሱማ ምንጊዜም ያማረ ነው። ሲገኝ ምን ያህል ተዛብቶ እንደነበር ካልተጻፈ ያለፈውን ዓመት ሙሉ ምን ስንሠራ እንደከረምን አናውቅም። የሦስት ዓመት «ሲገኝ» ቁጥር ጎን ለጎን ቢቀመጥ የትኛው በየሦስት ወሩ መታየት እንዳለበት፣ የትኛው ሁለት ዓመት ቢቆይ እንደማይጎዳ ራሱ ይናገራል። ያን ጊዜ ለሁሉም እኩል በዓመት አንዴ እያልን የማይታመመውን ስንፈትሽ አንውልም።

ኢንስትሩመንት ክፍሉ በምርት ኃላፊው ሥር መሆኑም ይቅር። ምርት ኃላፊው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚገመገመው በኩንታል ስለሆነ ነው። «ይህን መለኪያ አላምነውም፣ መስመሩ ይቁም» የሚል ቴክኒሻን ለእሱ ጠላቱ ነው። ያ ቴክኒሻን ተናግሮ የሚያድርበት ሌላ በር ያስፈልገዋል።

ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች፣ በተለይም «ኢትዮጵያ ታምርት» ተብሎ አዳዲስ ፋብሪካ በሚተከልበት በዚህ ጊዜ፣ መሣሪያው ስለ ጤናው የሚናገረውን የሚያነብ ካርድ፣ ሶፍትዌርና ሥልጠና ከዋጋው እንዳይፋቅ በሰነዱ ላይ ግዴታ ያድርጉት። ከተተከለ በኋላ መጨመር ሽቦውን ሁሉ እንደገና መንካት ነው፤ ያን ጊዜ እውነትም በጀት አይገኝም።

ለእናንተም ለጋዜጠኞቹ አንድ ጉዳይ አለኝ። ፋብሪካ ልትጎበኙ ስትሄዱ የሕዝብ ግንኙነቱ አዲሱን ማሽን ያሳያችኋል፣ ፎቶ ታነሳላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ኮንትሮል ሩም ግቡና ኦፕሬተሩን ለብቻው «ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የማታምነው የትኛውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሳያቅማማ በጣቱ ያሳያችኋል፤ ሁሉም ያውቀዋል። ቀጥላችሁ ሥራ አስኪያጁን ስለዚያው ቁጥር ጠይቁት። ሁለቱን መልስ ጎን ለጎን አትሙልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኢንስትሩመንት ጡረተኛ
ከአዳማ